ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ በመሀል አዲስ አበባ ውጭ ለሚያድሩ ሰዎች በብርድ ወራት ስለሚደረግ እርዳታ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ቤት ላለው ሰው ነው። ቤት ያለው ቅቅሉን ፉት ብሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በተዘረጋው የባቡር ድልድይ ሥር፣ በፒያሳ ሱቆች ደጃፍ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ፣ በየደብሩ ቅጥር ሥር የሚያድረው ሰው ግን ከአሁን እስከ ጥር መጨረሻ የሚጠብቀው ሌላ ሌሊት ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ የመስጊድ ጀመዓዎች፣ የዕድር አባላት ገንዘብ አዋጥተው ብርድ ልብስ ይገዙና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በመኪና እየዞሩ ያድላሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ቅር የሚለን አሠራሩ ነው። የሚሰጠው ከላይ የሚለበስ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። የሚሰጠው በምሽት ነው፤ ብርዱ የሚብሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ይህችን ደብዳቤ የጻፍነው ዘንድሮ ገንዘብ የምታዋጡ ሰዎች ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እንድታነቧት ነው።

መሀል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ነው። በክረምት ደመናው እንደ ጣሪያ ሆኖ የቀኑን ሙቀት ያቆያል። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ግን ምድሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይሰደዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከዚያ የሚወርድባቸው ሌሊቶችም አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ያለው ጊዜ የመጨረሻው ብርድ ነው።

«7 ዲግሪ ደግሞ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እዚህ ከተማ ብርድ የሰው ጣት አይቆርጥም። የበላና ደረቅ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ በ7 ዲግሪ ውጭ ቢያድር ይንዘፈዘፋል እንጂ አይሞትም። ነገሩ የሚለወጠው ልብስ ሲረጥብ ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ስለዚህ የረጠበ፣ ያልበላ፣ የጠጣ፣ የሸመገለ ወይም ገና ጡት የሚጠባ ከሆነ ከ10 ዲግሪ በላይ በሆነ ሌሊት እንኳ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ጤነኛው 37 ነው፤ ከ35 በታች በሽታ ነው። በበጋ ደግሞ ርጥበቱ ከየት ይመጣል ብትሉ ከጤዛ፣ ከሽንት፣ አትክልት ከሚጠጣበት ውሃ፣ ያልታሰበ ካፊያ ሲጥል ደግሞ ከጣሪያ ጠብታ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የተኛ ሰው በክብደቱ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ይጨፈልቀዋል። ብርድ ልብስን ብርድ ልብስ ያሰኘው በክሩ መካከል የታሰረው አየር ነው፤ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣና ጨርቁ ብቻ ይቀራል። ኮንክሪትና ንጣፍ ድንጋይ ደግሞ ቢተኙበትም አይሞቅም፤ እስኪነጋ ሙቀት ሲስብ ያድራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ቢኖረው ሁለቱንም ከላይ ደርቦ በካርቶን ቅዳጅ ላይ ከሚተኛ፣ አንዱን አራት አጥፎ ከሥር ቢያነጥፍ ይሻለዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን በክብደት የማይጨፈለቅ ነገር ማንጠፍ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ካርቶን ነው፤ ጥሩም ነው። አንድ ንብርብር ግን አይበቃም። ሦስት ወይም አራት ይሁን፤ በመካከሉ የተሸበሸበ ወረቀት ያለው ዓይነት፣ ደረቅ፣ ከትከሻ እስከ ተረከዝ የሚደርስ። ከካርቶኑ በታች ላስቲክ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ካርቶኑ የመሬቱን ርጥበት ጠጥቶ በሁለት ሌሊት እንደ ረጠበ እንጀራ ይላላል። የካርቶን ትልቁ ችግሩ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ጠዋት ባለቤቱ ዘወር ሲል ቆራሌው ይወስደዋል፤ ቆራሌው ካልወሰደው ከቆሻሻ ጋር ይጠረጋል። ሰውየው በየምሽቱ አልጋውን እንደ አዲስ ሲለቅም ይመሻል፤ ያላገኘ ዕለት ባዶ ንጣፍ ላይ ይጋደማል።

ለዚህ የሚበጀው የማዳበሪያ ፍራሽ ነው። ሁለት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ አፍ ለአፍ ገጥሞ በወስፌና በሲባጎ መስፋት ነው፤ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ማዳበሪያና ኬሻ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሞልቷል። ውስጡ የሚገባው በእጅ የተቀደደ ደረቅ ካርቶን፣ የልብስ ስፌት ቤት ብጥስጣሽ፣ ወይም ጭድ ነው። ሳይተኙበት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍር፤ ሲተኙበት ግማሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር አለ። ዳር ዳሩ ብቻ ከተሰፋ ሙሊቱ በሳምንት ውስጥ ወደ ራስጌና ወደ ግርጌ ይሸሽና ወገብ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ጨርቅ ይሆናል። ስለዚህ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ የሲባጎ መስመር መምታት ያስፈልጋል፤ አጎቶቻችን የጥጥ ፍራሽ የሚወጉት በዚህ ምክንያት ነው። መሬት በሚነካው ፊቱ በኩል፣ ከማዳበሪያው ውስጥ፣ የተቀደደ የቆሻሻ ላስቲክ አስቀድማችሁ አንጥፉ። በመጨረሻ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ ይሰፋለታል። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ከበለጠ ሰውየው ቀን ተሸክሞት ሊዞር ስለማይችል ይጥለዋል። ጭድ የተሞላው ከረጠበ ይሸታል፤ በየሦስት ሳምንቱ መለወጥ አለበት። የሶፋ ቤት ስፖንጅ ቁርጥራጭ ምቹ ይመስላል፤ ውሃ እንደ ሰፍነግ ይጠጣል፣ የሲጋራ ፍም ከወደቀበት ደግሞ ይነዳል። እኛ አናስገባውም።

ላስቲክ ነገር ከተነሣ አንድ ስህተት እንንገራችሁ። ላስቲክ ከላይ ብርድ ልብሱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ከተሸፈነ የሰውየው እስትንፋስና ላብ መውጫ አጥቶ ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ ሊነጋ ሲል ብርድ ልብሱ ዝናብ ሳይነካው ረጥቦ ይገኛል። ላስቲክ ቦታው ከሥር ነው። ከላይ ከሆነ በገመድ ከፍ ብሎ ተወጥሮ፣ ራስጌና ግርጌው ክፍት ሆኖ ነው። ማናቸውም ጣሪያ፣ ታዛ ይሁን የባቡር ድልድይ፣ ከላስቲክ ይበልጣል፤ ጤዛውን ይከለክላል፣ ሙቀቱም ወደ ጠራው ሰማይ እንዳይሸሽ ያግዳል። የድልድዩ ጉድለት ነፋሱ ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ነፋስ ተሰብስቦ ስለሚያልፍ ከምሰሶው ጀርባ መተኛትና በነፋሱ በኩል ካርቶን ማቆም ይጠይቃል። ወንዝ ዳር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያለው ሰው ከላይ አስፋልቱ ዳር ካለው የበለጠ ይበርደዋል።

ከላይ የሚለበሰው ምን ይሁን? ጋቢ የተወደደ ልብስ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ቤት ውስጥ ከሆነ አቻ የለውም። ጥጥ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከረጠበም አያሞቅም፣ ለመድረቅም ሙሉ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ለውጭ አዳሪ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ብርድ ልብስ ይሻላል። መንዞች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ በደጋቸው የበግ ፀጉር ባና የሚለብሱት ጥጥ አጥተው አይደለም። ቀለሙ ጠቆር ያለ ይሁን፤ ነጭና አበባማው ቶሎ ይቆሽሻል፣ የሰው ዓይንም ይስባል። ከነፌስታሉ የተሰጠ አዲስ ብርድ ልብስ በማግስቱ ገበያ ላይ ቢገኝ አትገረሙ። ሸጦ ዳቦ የበላውን አንወቅሰውም። የሚያሳዝነው በጉልበተኛ የተነጠቀው ነው፤ በተለይ ልጆችና ሴቶች። ፌስታሉን ቀድዶ፣ ምልክቱን ቆርጦ፣ አንድ ጊዜ አጥቦ መስጠት የመሸጫ ዋጋውን ያወርደዋል።

እንዲያውም ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከብርድ ልብስ ይልቅ ጃኬት እንመርጣለን። የለበሱት ነገር ተኝተው አይነጠቅም፣ ቀን ማስቀመጫ አይፈልግም። ከሰልባጅ የሚገዛ ወፍራም ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ላብ የማይቋጥር ስስ ካናቴራ፤ ከራስ ላይ የሱፍ ኮፍያ። ጃኬቱ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፤ ከጠበበ በመካከሉ አየር አይኖርም። ሹራብ ካልተገኘ ይህ ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ያገለግላል። ስምንት አሥር ገጽ ጨምድዶ በካናቴራና በጃኬት መካከል፣ ደረትና ጀርባ ላይ መጎዝጎዝ ነው። መጨምደዱ ግድ ነው፤ ዝርግ ወረቀት አየር አይይዝም።

እግር ተረስቶ የሚቀር ነገር ነው። በረጠበ ካልሲና በኮንጎ ጫማ ቀንና ሌሊት የዋለ እግር በመጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ይነጣል፣ ያብጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ቀልቶ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ቆዳውም ይላጣል። መድኃኒቱ ማድረቅ፣ አየር ማስነካትና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ማሸትና እሳት ማስጠጋት ቆዳውን ይገድለዋል፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውምና። ለአንድ ሰው ሁለት ጥንድ ካልሲ ይሰጠው፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለመኝታ ብቻ። የረጠበው በብብት ወይም ሆድ ላይ ባለው ልብስ መካከል ሲያድር ይደርቃል። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር ነው፤ ጫማው ውጭ ሲያድር ስለሚሰረቅ ግን በላስቲክ ጠቅልሎ መንተራስ።

ምግብ ሙቀት ነው። ባዶ ሆድ የተኛ ሰው ለመንቀጥቀጥ እንኳ ነዳጅ የለውም። ከሆቴል የሚወጣው ትራፊ፣ ቡሌው፣ በአብዛኛው ወደ ምሽት ይበላል፤ ሌሊቱን አያሻግርም፣ ሥጋም ስለሚደባለቅበት ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ የሚጾመው ሰው አይነካውም። ብርዱ የሚብሰው ደግሞ በዚሁ ጾም ነው። በኪስ የሚያድር ጾም የሆነ ነገር ስጡ፤ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ዳቦ፣ በስኳር የተለወሰ በሶ ጭብጦ። ሁለት እፍኝ ቆሎ ሊተኛ ሲል፣ ቀሪው ብርድ ሲቀሰቅሰው። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን በሶው ይሻላል።

ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ሰዓቱን መለወጥ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከሚዞሩት ቡድኖች አንዱ ወደ ንጋት ቢዞር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት፣ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ፔርሙዝ ጣፋጭ ሻይና አንድ ጆንያ ዳቦ ይዞ፣ ሃምሳ ሰው ያህል ያደርሳል፤ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሲሰጥ ነው ሂሳቡ። የሚታመመውም ሰው የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

የታመመውን ማወቅ ላይ ሕዝባችን በጣም ይሳሳታል። ብርድ የመታው ሰው ሰካራም ይመስላል። ምላሱ ይያያዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል፣ የተጠየቀውን ዘግይቶ ይመልሳል ወይም ይቆጣል። አላፊ አግዳሚው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ያ አደጋውን ያብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከሁሉም የሚያታልለው መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ጸጥ ካለ ሞቆት አይደለም፤ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ወርዶ መንቀጥቀጥም ስላቃተው ነው። አንዳንዱ በዚያ ደረጃ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል፤ ያኔ ሰው እብድ ነው ይለዋል። አስፈቅዶ ከልብሱ ሥር እጅን ሆዱ ላይ ማሳረፍ ነው። እጅና እግር ለማንም ይቀዘቅዛል፤ ሆድ ከቀዘቀዘ ግን አደጋ ነው። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ጉንጩ ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል፣ ግን ጡት አይስብም፣ አያለቅስም፣ ሆዱ ይቀዘቅዛል።

ያን ጊዜ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም 939 ለእሳትና አደጋ መደወል፤ መኪና እስኪመጣ የሚሠራው ይህ ነው። በቀስታ አጋድሙት እንጂ አታስነሡት፣ «ተራመድ ይሙቅህ» አትበሉት፤ በእጅና በእግሩ የተጠራቀመው ቀዝቃዛ ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ሲመለስ ልብ ሊያቆም ይችላል። እጅና እግሩን አታሹ፤ ምክንያቱ ያው ነው። መጀመሪያ ከሥሩ ፍራሽ ወይም ካርቶን አስገቡ፣ ከዚያ የረጠበውን ልብስ፣ እያገላበጡ ከማውለቅ በምላጭ ቀድዶ፣ አውጡ። ደረቅ አልብሱ፣ ራስና አንገቱን ሸፍኑ፣ ከላይ ላስቲክ ደርቡ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ላስቲኩ አይጎዳም።

ቀጥሎ ሃይላንዱ። ባለ ግማሽ ሊትር ሦስት ወይም አራት ባዶ ሃይላንድ ያዙ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን ላስቲኩን ያኮማትረዋል፣ ቆዳም ይልጣል። ግማሽ የፈላ ግማሽ ቀዝቃዛ ሲቀላቀል 55 ዲግሪ ይመጣል፤ ልክ ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና እያንዳንዱን ሃይላንድ ካልሲ አልብሱት። አንድ አንድ በሁለቱ ብብት፣ አንዱን ደረት ላይ፣ ካለ አንዱን ብሽሽት መካከል። እጅና እግር ላይ አታድርጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለብ ስለሚል ይቀየራል፤ በየአሥር ደቂቃው ካልሲውን ገለጥ አድርጎ ቆዳው አለመቅላቱን ማየት ነው። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳሩ የበዛ ሻይ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ካልነቃ ምንም በአፉ አይግባ። ትንፋሹ የጠፋ ቢመስላችሁ እስከ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጥራችሁ አዳምጡ፤ በብርድ የተመታ ሰው ልቡም እስትንፋሱም እጅግ ይዘገያል። ቀዝቅዞና ሰውነቱ ገትሮ የተገኘን ሰው ሞቷል ብሎ መተው ሐኪም ሳያየው አይሆንም።

አረቄ ያሞቃል የሚለውን ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ስሜቱ እውነት ስለሆነ። ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ፊት ይሞቃል፣ ሆድ ዕቃው ግን በዚያው ይከስራል። ጫት ረሃብን ያስረሳል፤ ማስቲሽ ረሃቡንም ብርዱንም ያስረሳል፣ ሁለቱም ግን ሥራቸውን አያቆሙም። ሌሊት ላይ ስብከት አይሠራም፤ ማስቲሹን ከልጅ እጅ መንጠቅም ልጁን ከማሸሽ በቀር ፋይዳ የለውም። የምንለው እንዲህ ነው፤ ከመጠጣትህ በፊት ብላ፣ ብቻህን አትተኛ። ልጆች ተደርድረው ሲተኙ የሚበርደው ዳርና ዳር ያለው ነው፤ አንድ ትርፍ ብርድ ልብስ ካለ ለዳሮቹ ነው።

ከሰል። በላስቲክ ቤት ውስጥ ከሰል ይዞ መግባት በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል። የጋመ ከሰል ጭስ የለውምና ሰው ደህና ይመስለዋል፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፤ ቀጥሎ እንቅልፍ። አብረው የተኙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ነው። ምድጃው ውጭ ይሁን፤ ውሃ ለማፍላትና ሃይላንድ ለመሙላት ይጠቅማል፣ ሙቀቱን በሃይላንድ ይዞ መግባት ይቻላል።

አሁን ሰዎች መስማት የማይወዱት፣ ቅማል። ብርድ ሲመጣ ሰው ልብስ ይደራርባል፣ ተቃቅፎ ይተኛል፣ አይታጠብም፤ የልብስ ቅማል የሚራባው ያኔ ነው። የሚያመጣው ማሳከክ ብቻ አይደለም። ተስቦ (ታይፈስ) እና የሚያገረሸው ትኩሳት የሚተላለፉት በእሱ ነው። የኋለኛው በኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ በማለትና በመገጣጠሚያ ሕመም ይጀምርና ይለቃል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። «ለቀቀኝ» ያለውን ሰው በሳምንቱ ፈልጋችሁ እዩት። ከመድኃኒት ቤት እንክብል ገዝቶ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ከተወሰደ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው በኃይል ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውስጥ እየታየ ነው መውሰድ ያለበት።

የልብስ ቅማል የሚኖረው በሰው ላይ ሳይሆን በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ላይ አዲስ ደርቦ መስጠት ለቅማሉ ተጨማሪ ክፍል መሥራት ነው። መለዋወጥ ይሻላል፤ የታጠበ ሰጥቶ የለበሰውን መቀበል። የተቀበላችሁትን በድርብ ፌስታል አስራችሁ ውሰዱ። ግማሽ ድረስ ውሃ በተሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት ብርድ ልብስ ግማሽ ሰዓት ሲፈላ ቅማሉም ቅጫሙም ያልቃል። ማፍላት የማይቻለው ጃኬት ፌስታል ውስጥ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ሰው ያጣ ቅማል በሳምንት ውስጥ ይሞታል፣ ቀሪው ሳምንት ለሚፈለፈለው ነው። የሱሪ ወገብና የብብት ስፌት ላይ የጋለ ካውያ ማስኬድም ይረዳል።

አቀራረብ። በሌሊት ሚኒባስ ከአጠገቡ ሲቆም የውጭ አዳሪ መጀመሪያ የሚያስበው አፈሳ ነው። ስለዚህ መኪናውን ርቃችሁ አቁሙና በእግር ሂዱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ከመካከላችሁ አንዲት ሴት ብትኖር ጥሩ። የስልክ መብራት ፊት ላይ አታብሩ። ከግርጌ በኩል፣ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ፣ በእጅ ሳትነኩ በድምፅ ቀስቅሱ፤ በሌሊት የሚነካው ሌባ ነው። «አባባ፣ እንደምን አደሩ፤ ሻይ ይዘን ነው፣ ይጠጣሉ?» ከተባሉ አዛውንት የሚቀናቸው መልስ አያጡም። «አልፈልግም» ካሉ ሻይውን አጠገባቸው አስቀምጦ ማለፍ ነው፤ በሦስተኛው ሌሊት ራሳቸው ያወራሉ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ቀረጻ ካለ ቤተሰቡ እንዳያየው የሚደበቀው ሰው፣ እሱም ብዙ ነው፣ ሻይውን ትቶ ይሄዳል። ጨቅላ የያዘች እናት ስታገኙ ሕፃኑን ከጀርባ አውርዳ ቆዳውን ከደረቷ ቆዳ አጋጥማ፣ ከላይ ጃኬቷን እንድትቆልፍበት፣ ራሱንም በኮፍያ እንድትሸፍን ምከሯት፤ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን የረጠበ እንደሆነ አይታያትም።

መጠለያ ለመክፈት ለሚያስቡ ደብሮች፣ መስጊዶችና ሕንፃ ያላቸው ድርጅቶች አጭር ነገር እንበል። ሰው መጠለያ የሚሸሸው ጎዳናውን ወድዶ አይደለም፤ ጥንዶችን ስለሚለያይ፣ ዕቃ ስለማያስገባ፣ ከገቡ በኋላ መውጣት ስለሚከለክል ነው። አልጋ ባይኖር እንኳ ደረቅ አዳራሽ፣ ሽንት ቤትና በሌሊት የሚከፈት በር ይበቃል። በየዕለቱ መክፈት ካልተቻለ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ አይቶ ከ7 ዲግሪ በታች በሚሆንባቸው ሌሊቶችና ከሰዓት በኋላ ዝናብ በጣለ ዕለት ብቻ መክፈት ይቻላል።

የቀን ማስቀመጫ ግን ከመጠለያ በቀለለ ወጪ ይሠራል። የጉሊት ነጋዴዎች ዕቃቸውን በክፍያ የሚያሳድሩባቸው ትንንሽ መጋዘኖች በመርካቶ አሉ፤ ማታ ይሞላሉ፣ ቀን ባዶ ናቸው። ውጭ አዳሪው ደግሞ ማስቀመጫ የሚፈልገው ቀን ነው። አንድ የዕድር ወይም የበጎ አድራጎት ቡድን ለባለ መጋዘኑ የቀኑን ኪራይ ቢከፍል፣ ሠላሳ ፍራሽና ብርድ ልብስ በቁጥር ካርድ ጠዋት 1 ሰዓት ተረክቦ ማታ 12 ሰዓት ይመልሳል። ዕቃው ስለማይጠፋ በየወሩ አዲስ መግዛት ይቀራል። የሚፈራው ቅማል ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ ይግባ።

በመጨረሻ አንድ ቀን እንጠቁም። ኅዳር 12 ይመጣል። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ካረገፈው የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚያ ቀን ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻ የሚያጤሰው ሰው ከቆሻሻው ጋር ጃኬት፣ ሹራብ፣ የልጅ ኮፍያ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ ይማግዳል። እነዚህን ከኅዳር 10 በፊት ለይታችሁ፣ አጥባችሁ፣ በሰፈራችሁ ዕድር ወይም ደብር አስቀምጡልን፤ ዚፑ የተበላሸውን እኛ እንሰፋዋለን። ካልሲ ግን አዲስ ይሁን፤ ያረጀ ካልሲ ተረከዙ ስለሚሳሳ ሁለት ሌሊት አያልፍም።

ከአክብሮት ጋር

በአራዳና በቂርቆስ ክፍላተ ከተማ ሌሊት የምንዞር በጎ ፈቃደኞች
አዲስ አበባ